በነጭ ካስማዎች መካከል

የባንኮክ ከተማ በተቆረቆረች በመቶ ሃያኛው ዓመት፣ ዝናቡ አባርቶ የቻዎ ፕራያ ወንዝ ገና ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ሳለ፣ የመንግሥት ሠራተኞች ዝሆን ቦይ በሚባለው የውሃ ቦይ አፍ ላይ በኖራ የተለቀለቁ ካስማዎች ሲተክሉ ዋሉ። አዋጁ ግልጽ ነበር፤ ከካስማዎቹ ውስጥ ቁማር የተፈቀደ፣ ከካስማዎቹ ውጭ ግን በጥብቅ የተከለከለ ነው። ቀድሞ በየቦዩና በየገበያው ተበታትነው የነበሩት የቁማር ቤቶች አንድ በአንድ እየተዘጉ ሄደው ነበርና፣ የተረፈው ቁማርተኛ ሁሉ በጀልባም በእግርም ወደ ዝሆን ቦይ ይጎርፍ ጀመር። ሰፈሩን በጨረታ ይዞ ለግምጃ ቤቱ ግብር የሚያገባው፣ ስለዚህም የኩን ፓትነት ማዕረግ የተሰጠው ሊም የሚባል ቻይናዊ ነበረ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር፣ በእጁ ጥቁር ማራገቢያ የማይለየው ሰው።

ኩን ፓት ሊም ሰው ከቤቱ የሚወጣው ለቁማር ብሎ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር። ሰው የሚወጣው ለጨዋታ፣ ለዘፈን፣ ከጎረቤት ለመገናኘት ነው፤ ቁማሩ ከዚያ በኋላ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ስለዚህም ለቁማሩ የሚቆጠሩት ዛጎሎች ከሚዘረገፉበት አዳራሽ ፊት ለፊት የተውኔት መድረክ አሠራ፤ ለመድረኩም በወንዙ ዳር በድምጿ የተመሰገነችውን ላሙንን አመጣ።

ላሙን የዚያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመት አይሞላትም። ተውኔቱ ዓይኗ የጠፋ ንግሥት በሕፃንነቱ በጎርፍ የተወሰደባትን ልጇን በታንኳ እየዞረች ስትፈልግ የሚያሳይ ነበር፤ ልጁ አድጎ፣ ሳያውቃት ቀዛፊዋ ሆኖ፣ እናትና ልጅ በአንድ ታንኳ ላይ ሳይተዋወቁ ይጓዛሉ። ንግሥቲቱ እጇን ዘርግታ የቀዛፊውን ፊት ልትዳስስ ጣቶቿ ግንባሩ ጋ ሲደርሱ፣ ኩን ፓት ማራገቢያውን ጠቅ አድርጎ ያጥፋል፤ ከበሮው አንድ ጊዜ ይመታል፤ ላሙንም ዘፈኗን ከመካከሉ ቆርጣ ከመጋረጃው ጀርባ ትገባለች። ሕዝቡ «ኧረ!» ብሎ ይጮኻል። «ጥቂት ቆይቶ ይቀጥላል» ይባላል። ጥቂት እስኪቆይ ድረስ የአዳራሹ በር ክፍት ነው፤ ምንጣፉ ተነጥፏል፤ ዛጎሉ በጽዋ ተቀድቶ አራት አራት እየተደረገ ይቆጠራል፤ ስንት እንደሚተርፍ የገመተ ይበላል፤ ያልገመተ ይበላበታል፤ ዘፈኑም የዚያን ምሽት አይቀጥልም።

የሕዝቡን ጩኸት ላሙን ትወደው ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ለራሷም ቢሆን ብዙ ጊዜ አልተናገረችም። ግን ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ያ «ኧረ!» ጆሮዋ ሲገባ፣ ከጭብጨባ ሁሉ ይልቅ ይጥማት ነበር።

ከሚጮኹት መካከል አንዱ ቲት ፑም ነበረ። በወጣትነቱ መንኩሶ ስለተመለሰ ሰው ሁሉ «ቲት» እያለ ያከብረዋል፤ ከወንዙ ማዶ አባቱ የተከለለት፣ ዱርያን የሚባለው እሾሃማና ሽታው ኃይለኛ ፍሬ የሚለቀምበት የአትክልት ቦታ ነበረው። ቁማር አያውቅም ነበር። መጀመሪያ የመጣው ተውኔቱን ሊያይ ነው፤ ሁለተኛም የመጣው የተውኔቱን መጨረሻ ሊያይ ነው፤ በኋላ ግን እስኪቀጥል ድረስ ብሎ ምንጣፉ ላይ መቀመጥ ለመደ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ላሙን ፊቷን በሩዝ ዱቄት እየቀባች ሳለ፣ አንዲት ሴት ሕፃን ልጅ አዝላ፣ አንድ ትልቅ ዱርያን በገመድ አንጠልጥላ ከመድረኩ ጀርባ ገባች። ሽማግሌው ከበሮ መቺ አባባ ክሎም አፍንጫውን ያዘ።

«አንቺ፣ ይህን የሚሸት ነገር ወደ ንግሥት እልፍኝ ታመጪዋለሽ?»

«ንግሥት ከሆነች ትበላዋለች፤ ካልሆነች እርስዎ ይብሉት» አለችና ሴቲቱ ወደ ላሙን ዞረች። «እትዬ፣ ሳምሊ እባላለሁ። የቲት ፑም ሚስት ነኝ።»

«አላውቀውም።»

«እሱ ግን ያውቅሻል። ከእኔ ይልቅ ያውቅሻል። ሌሊት ከእንቅልፉ ነቅቶ ‹ንግሥቲቱ ልጇን ታውቀው ይሆን?› ይለኛል። እኔ ልጄን ታቅፌ አጠገቡ ተኝቼ!»

አባባ ክሎም ሳቀ። ሳምሊ አልሳቀችም።

«እትዬ፣ ባሌ ቁማርተኛ አይደለም። መጨረሻውን ማወቅ ነው የያዘው። ዛሬ አንድ ቀን ብቻ ጨርሺለት። ከጨረሽለት ይዤው እገባለሁ፤ ሁለተኛም አይመለስም።»

ላሙን የሕፃኗን እግር ተመለከተች፤ ከአንቀልባው ወጥቶ ይወዛወዛል። ልቧ ራራ።

«ስሟ ማን ነው?»

«ፕሪክ። እንደ ሚጥሚጣ ታቃጥላለች ብለን ነው።»

«እንግዲህ ማታ ፕሪክን ይዘሽ ነዪና ከፊት ተቀመጪ» አለች ላሙን። «እጨርሰዋለሁ። ቃሌ ነው።»

በዚያው ሰሞን በወንዙ በታችኛው በኩል ያለ ሌላ የቁማር ሰፈር በአዋጅ ተዘግቶ ነበርና፣ ያን ምሽት የመጣው ሕዝብ ከመድረኩ አልፎ እስከ ጀልባ ማሰሪያው ቆሟል። ሳምሊ ከፊት ተቀምጣለች፤ ቲት ፑም ከጎኗ፤ ሕፃኗ በጉልበቱ ላይ። ላሙን እንደዚያ ምሽት ዘፍና አታውቅም። ጣቶቿ ወደ ቀዛፊው ግንባር ሲዘረጉ ያ ሁሉ ሕዝብ ትንፋሹን ያዘ። የማራገቢያው ጠቅታ ተሰማ። ላሙን አልቆመችም፤ አንድ ስንኝ ጨመረች። ኩን ፓትም ማራገቢያውን ዘርግቶ እንደገና አጠፈ፤ ዓይኖቹ ግን አልተቆጡም፤ እንደ አባት ፈገግ ብለው ያዩዋት ነበር። ያን ዕለት ጧት የተውኔት ቡድኑ ሁሉ አለቃ አደርግሻለሁ ብሏት ነበር።

ዘፈኑን ቆረጠችው።

ጩኸቱ የጣራውን ቅጠል አንቀጠቀጠ፤ ላሙንም ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ፣ አላግባብ፣ ከመፍራቷና ከማፈሯ አስቀድማ፣ ደስ አላት። በቀዳዳ ስትመለከት ቲት ፑም ሕፃኗን ለእናቷ ሰጥቶ፣ «ጥቂት ነው፤ እስኪቀጥል ነው» እያለ ወደ አዳራሹ ሲሄድ አየችው። ሳምሊ አልተከተለችውም። ባዶውን መድረክ ትመለከት ነበር።

በዚያ ምሽት የዱርያኑ አትክልት በቁማር ተበላ። ቲት ፑም ወደ ቤቱ ሊሻገር በታንኳ ገብቶ ሳይሻገር ቀረ፤ ወንዙ ቆይቶ ሬሳውን መለሰ። ሰክሮ ወደቀ ያሉ ነበሩ፤ ወዶ ገባ ያሉም ነበሩ። ላሙን የቡድኑ አለቃ ተባለች።

ሳምሊ በሩዝ መፈተጊያ ቤት ገብታ ስትሠራ ኖረች፤ ፕሪክ ሰባት ዓመት ሲሞላት በእጇ ይዛት ወደ መድረኩ መጣች። «ድምፅ አላት፤ እኔ ጋ ግን ምግብ የላትም። አስተምሪያት» አለች፤ ስላለፈው አንዳች አላነሣችም። ላሙንም፣ ወይ አልገባትም፣ ወይ ይቅር ብላኛለች፣ ብላ አሰበች፤ ልጅቱን ተቀብላም በተቻላት ሁሉ ለመካስ ተጋች። ከራሷ ሣህን አበላቻት፤ አረማመድ፣ የጣት አጣጣል፣ የትንፋሽ አያያዝ አስተማረቻት። ፕሪክም «እማማ» ትላት ጀመር፤ ያ ቃል በተጠራ ቁጥር ላሙን እንደ እሾህ ይወጋታል። ዘፈን መቁረጥን ብቻ አላስተማረቻትም።

ነገር ግን ልጅ ያልተማረውንም ይማራል። ዓመታት አልፈው የላሙን ድምፅ ሲሻክር፣ ኩን ፓት የንግሥቲቱን አክሊል ለፕሪክ ሰጣት። በመጀመሪያው ምሽት ልጅቱ ማራገቢያውን እንኳ አልጠበቀችም፤ ጣቶቿ የቀዛፊውን ግንባር ሊነኩ የፀጉር ያህል ሲቀር፣ ትንፋሿን ስባ፣ ፈገግ ብላ፣ ዞራ ገባች። እንዲህ ያለ ጩኸት በዝሆን ቦይ ተሰምቶ አያውቅም። ከመጋረጃው ጀርባ እየሳቀች በላሙን አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«ሰማሻቸው እማማ? ሰማሻቸው? እንደ ተራበ ውሻ! እንዴት ደስ ይላል!»

ላሙን በጥፊ መታቻት። አባባ ክሎም የከበሮውን ዱላ ጣለ።

«ምን አደረግሁ?» አለች ፕሪክ፣ ጉንጯን ይዛ።

«አንቺ አይደለሽም» አለች ላሙን፤ ተቀመጠች። ከዚያም ስለ ዱርያኑ፣ ስለ ቃሏ፣ በአባቷ ጉልበት ላይ ስለተቀመጠችው ሕፃን አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። ፕሪክ እስከ መጨረሻው ሰማች፤ አክሊሉን አወለቀች፤ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው፤ ወጣች።

በተከተለው ዓመት የመጨረሻዎቹ የቁማር ቤቶች ይዘጉ የሚለው አዋጅ በመላው የሲያም አገር ታወጀ። ካስማዎቹ ተነቀሉ፤ ኩን ፓት ሊም ዕቃውን በመርከብ ጭኖ ሄደ፤ መድረኩን ለማገዶ ቸረቸሩት። ላሙን መንገዷን ወደ ሩዝ መፈተጊያው ሰፈር አደረገች። ሳምሊ በደጇ ተቀምጣ ሩዝ ትነፋ ነበር፤ ፀጉሯ በገለባ ብናኝ ነጥቷል። ላሙን በመሬት ላይ ተንበረከከች።

«ተነሺ፤ ልብስሽ ይቆሽሻል» አለች ሳምሊ።

«ባልሽን እኔ ነኝ የገደልኩት። ይቅር በዪኝ ልልሽ ነው የመጣሁት። አታውቂም ብዬ ነበር።»

«የማላውቀው ምኑን ነው? ከፊት አልነበርኩም?» ሳምሊ ወንፊቱን አስቀመጠች። «ይቅር ለማለትም ለመርገምም ጊዜ አልነበረኝም፤ ሩዝ እፈትግ ነበር። ፑምን አንቺ አልገደልሽውም። ወደ ምንጣፉ በገዛ እግሩ ነው የሄደው፤ ልጁን ከጉልበቱ አውርዶ ነው የሄደው። እኔ ስለ እሱ ቂም የለኝም።»

«እንግዲያ…»

«ለእኔ ነው ቃል የሰጠሽው። ለእኔ። ፊትሽን እያየሁት ነበር፤ ልትጨርሺው ጀምረሽ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ስለ እሱ ስታለቅሺ ስለ እኔ አንድ ቀን አስበሽ ታውቂያለሽ?»

ላሙን አስባ አታውቅም ነበር። በዚያን ጊዜ ፕሪክ ከውስጥ ወጣች፤ በቅል ውሃ ይዛ በሁለት እጇ አቀረበችላት።

«ይጠጡ፣ እትዬ» አለች፤ ለማንኛዋም እንግዳ እንደሚባለው።

ላሙን ጠጣች፤ አመስግናም ሄደች። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳር ስትዘፍን የሰማት የለም፤ በአንድ ገዳም አጠገብ ለመነኮሳቱ ምግብ እያበሰለች ኖረች ይባላል።

የመንግሥት መዛግብት ስለዚያ ዘመን ብዙ ይናገራሉ፤ ግምጃ ቤቱ ስንት ገቢ እንደ ቀረበት፣ መኳንንቱ ስለ ሕዝቡ ምግባር ምን ያህል እንደ ተጨነቁ፣ አዋጁ በየትኛው ቀን እንደ ተነበበ በቅደም ተከተል ተጽፏል። ጥፋቱንም ለቁማር፣ ለስግብግብነትና ለዘመኑ ድንቁርና አካፍለው ሰጥተውታል፤ ይህም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን መንግሥት የፈቀደውን መንግሥት ሲከለክለው፣ በመካከሉ የኖሩት ሰዎች ያደረጉትን ነገር ወደ ኋላ ተመልሶ የሚከለክልላቸው አዋጅ አልነበረም፤ አንዲት ሴት ለሌላይቱ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሰጠችው ቃል በየትኛውም መዝገብ አልገባም፤ ክብደቱን የሚያውቁትም ሁለቱ ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ አንደኛዋም ስትሞት ሌላይቱ አልተነገራትም።