ሰው የሌለበት ሥዕል

ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ሲያወሩ በልቤ እስቅ ነበር፣ ዩኒቨርሲቲም የተማርኩት ሳይንስ ነው፣ ስለዚህ ይህን የምነግራችሁ እያፈርኩ ነው።

በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ዌስት ፉትስክሬይ በሚባል የውጭ አገር ሰፈር፣ እትዬ ዘሃራ ቤት አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። እትዬ ዘሃራ የወሎ ሰው ናቸው፣ የሚሰግዱት ሳሎን ውስጥ ስለሆነ ነፍስ ያለው ነገር የተሳለበት ሥዕል እቤታቸው አይገባም። እኔ ክርስቲያን ብሆንም ይህን አውቃለሁ፣ ለኢድ ስጦታ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ሥዕል ስገዛላቸው ሰው ወይም ወፍ እንዳይኖርበት መብራት ሥር ይዤ መርምሬዋለሁ፣ እመኑኝ። ዛፍና ማሳ ብቻ ነበር፣ ያውም ዛፉ ሐምራዊ፣ ማሳው ቀይ፣ ቀለሙ በቢላ የተለጠፈ የሚመስል።

«ሠዓሊው ከቀለሙ ጋር ተጣልቶ ነው እንዴ የሳለው?» ብለው ስቀው ሳሎን ሰቀሉት።

አንድ ቀን መግሪብ ሲሰግዱ እኔ ጥግ ይዤ ልብስ አጣጥፍ ነበር፣ ደረቅ ሣር ሲረገጥ ሰማሁ። የጓሮ ድመት መሰለኝ፣ መስኮቱ ግን ዝግ ነው። ቀጥሎ አዲስ የዘይት ቀለም ሸተተኝ። እትዬ ሶላታቸውን ጨርሰው ዞር ሲሉ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ይሄ ሰውዬ ከየት መጣ?»

ከዛፎቹ መሀል አንድ ነጭ የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል።

«አንቺ ነሽ የሳልሽው! ሶላቴን ልታበላሺ!»

ስደነግጥ አፌ አይከፈትም፣ ሊያስወጡኝ ነው፣ የት እገባለሁ፣ እያልኩ ያጣጠፍኩትን ልብስ መልሼ ማጣጠፍ ጀመርኩ።

«ተናገሪ እንጂ! ምላስሽን ለሠርግሽ ነው ያስቀመጥሽው?»

«ማርያምን፣ እትዬ፣ እኔ አይደለሁም» አልኩ እንደምንም።

ሊፍቁት ሲነኩት ቀለሙ እርጥብ ነበር፣ ጣታቸውን ነጭ አደረገው። እኛም እያየነው ሰውየው ወደኛ ዞረ። በቃ፣ ዞረ፣ ሌላ ቃል የለኝም።

«አዑዙ ቢላህ!» እጄን ጨበጡኝ። «አንቺ አይደለሽም የኔ ልጅ፣ አፉ በይኝ።»

ወዲያው ልጃቸው ጋ ደወሉ፣ እሷም መጥታ ፖይንት ኩክ፣ ቤቷ ወሰደቻቸው። ነይ አብረን እንሂድ ቢሉኝም ሸክም እንዳልሆን ብዬ «የጠዋት ሺፍት አለኝ» አልኩ፣ አይ ይሉኝታ! ሥዕሉን ወደ ግድግዳው ገልብጬ ክፍሌን ቆልፌ ተኛሁ።

ጠዋት ልጃቸው ደወለች።

«እማዬ አልመለስም፣ ቤቱን አንቺ ኑሪበት ብላለች። ደግሞ፣ ሶሪ፣ አሁን ስንት ሆኑ ብለሽ ጠይቂያት አለችኝ።»

«ምኖቹ?»

ለእናቷ ደግማ ጠየቀችልኝ፣ የተመለሰላትን ስትሰማ ስልኩን ዘጋችብኝ።

የውጭው በር ያለው በሳሎኑ በኩል ነው። እኔ በክፍሌ መስኮት ወጣሁ፣ ልብሴም መጻሕፍቴም እዚያው ቀሩ፣ ሥዕሉ ውስጥ ያሉት ስንት እንደሆኑ እስከ ዛሬ አላውቅም።