ዐሥራ ሁለት በዐሥራ ሁለት

«ሚዩት፣ ወንበሩን ልቀቂው እንጂ። የስምንቱ ነው እኮ» አለች የክፍሉ ቀልደኛ። ሁሉም ሳቁ።

እንደ ድምፅ ማጥፊያው ቁልፍ ሚዩት የሚሏት ትንፍሽ ስለማትል ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ውጤት የመጨረሻ አድርጓታል፤ አማካይ ሠላሳ አራት። የኮምፒውተር ክበቡ ስምንት ኮምፒውተር ብቻ ስላለው፣ ከዐሥራ ሁለቱ ተማሪዎች አራቱ ዛሬ ይሰናበታሉ። የፈተና ወረቀቶቼ ይታዩልኝ ብላ መምህሩን ለመነች። እሳቸው ግን ማሽን አያዳላም ብለው መለሷት። ደብተሯን ይዛ ስትወጣ አንዱ ከኋላዋ ጣቱን አንሥቶ ድምፅ ማጥፊያ እንደሚጫን አደረገ።

አለቃም ሳቀች። የክፍል አለቃ ስለሆነች ስሟ እንዲሁ አለቃ ሆኖ ቀርቷል። ውጤቱን በፕሮግራም ያሰላችው እሷ ናት፤ አንደኛ የወጣችውም እሷው።

ክፍሉ ባዶ ሲሆን፣ መምህሩ ያዘዟትን የየትምህርቱን አማካይ ልታወጣ ተቀመጠች። ሠንጠረዡ ተማሪዎቹን ወደ ታች፣ ፈተናዎቹን ወደ ጎን፣ ሦስቱን ትምህርቶች ደግሞ ገጽ በገጽ ይዟል። የፕሮግራሙ ትእዛዝ ላይ አንድ ከተጻፈ አማካዩ በየተማሪው ይወጣል፤ ሁለት ከተጻፈ በየፈተናው፣ ሦስት ከተጻፈ በየትምህርቱ። ጽፌዋለሁ ያለችውን አንድ በሦስት ልትቀይር ብታይ፣ የተጻፈው ሁለት ነው።

ተማሪዎቹ ዐሥራ ሁለት፣ ፈተናዎቹም ዐሥራ ሁለት። በአንድም በሁለትም ቢሰላ የሚወጡት ዐሥራ ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ እሷም ምንም ሳትጠራጠር ስሞቹን አጠገቡ ደርድራበታለች። ሠላሳ አራቱ ሁሉንም የጣላቸው የመጨረሻው ፈተና አማካይ ነበር። ሚዩት የተሸከመችው ስሟ መጨረሻ ላይ ስለተጻፈ ብቻ ነው። የስም ዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ያለችው አለቃ ደግሞ የቀላሉን የመጀመሪያ ፈተና ዘጠና ሁለት ወሰደች።

አንድ ጽፋ እንደገና አሰላች። ሚዩት ሰማንያ ዘጠኝ፣ አንደኛ። አለቃ ስልሳ አንድ፣ ዘጠነኛ። ዘጠነኛ ወንበር ደግሞ የለም።

ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል። መምህሩ ገና ኮሪደሩ ላይ ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ሲያወሩ ይሰማል። አለቃ ልትጠራቸው ተነሣች። በሩ ላይ ግን ሚዩት ቆማለች፤ ዐይኗ በለቅሶ አብጧል። አለቃ ስክሪኑን በጀርባዋ ጋረደችው።

«አንቺ ጎበዝ ነሽ» አለች ሚዩት ዝግ ባለ ድምፅ። «የቱ ጋ እንደምሳሳት ታሳዪኛለሽ? በእረፍት ሰዓት ብቻ። ለእማዬ ምን ብዬ እንደምነግራት ጨንቆኛል።»

አለቃ ይህን ያህል ስታወራ ሰምታት አታውቅም። ኀፍረት ፊቷን አጋለው። የመምህሩ ኮቴ ወደ ደረጃው እየራቀ ነበር። እስኪጠፋ ጠበቀች።

«እሺ» አለቻት። «ከሰኞ ጀምሮ አስጠናሻለሁ።»

ሚዩት አመስግናት ሄደች። አለቃ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ትእዛዙ ላይ ያለውን አንድ አጠፋችና መምህሩ የሚጠብቁትን ሦስት ጻፈች።