ባሕሩን የሰረዘው ሰው

በዚህች ታሪክ ውስጥ አንዲትም ሐሰት የለችም፤ ከዋሸሁ ወደፊት እውነት ስናገር ሰው ሁሉ ይሳቅብኝ።

«ባሕሩ» በሚባል ዜማ የሚያልቀው የወንዝና የባሕር ሙዚቃ ሊቀርብ አንድ ሰዓት ሲቀረው የባንዱ መሪ ከመድረኩ ጀርባ ባለች ክፍል ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ የተመታበት የብረት የሙዚቃ ኖታ ማቆሚያ አጠገቡ ወድቋል። ያገኘው ከበሮ መቺው፣ የሟቹ ሚስት ወንድም ነው። ሊያነሳው ሲታገል እጁ በደም ስለተነከረ ፖሊሶች ጥያቄም ሳያበዙ ካቴና አጠለቁለት።

መርማሪዋ መጣች። አንድ ቦታ መቆም ስለማይሆንላት «ቁንጫ» ይሏታል፤ ተኝታም ትራመዳለች ይባላል። ከበሮ መቺውን ሦስት ጊዜ ዞረችው። መዳፉ ቀይ፣ እጅጌው ንጹሕ።

የሟቹ ሚስት፣ ዘፋኟ፣ መንገድ ዘጋችባት። «እባክዎ ኢንስፔክተር፣ ባሌን አጣሁ፤ ወንድሜን ደግሞ እናንተ ልትወስዱብኝ ነው?»

«አይዞሽ እህቴ። ባልሽ ከመገኘቱ በፊት በነበረው ግማሽ ሰዓት ምን ሰማሽ?»

«ትራምፔት ብቻ! ከጎኔ ባለው ክፍል ያለ ማቋረጥ ሲነፋ ጆሮዬን በላው።»

ትራምፔት ነፊው ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጧል።

«ግማሽ ሰዓት ሙሉ ነፋህ አሉ?»

«እንዴታ! ከንፈሬን ሳሟሙቅ ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ ጥሩ ሰው ነበር።»

ቁንጫ ትራምፔቱን አነሳች፤ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ጫን አደረገች። ምንም አልወጣም። ምንጣፉን ዳሰሰች። የመሣሪያውን ሳጥን በረበረች።

«ሁላችሁም ወደ መድረክ!»

ሲሰበሰቡ፣ «አምስት ደቂቃ ብቻ ንፋልኝ» አለችው ትራምፔት ነፊውን። ነፋ። «አሁን ቁልፏን ተጫናት።»

ውሃ ጠብ ጠብ አለ።

«ትንፋሽ ብረት ውስጥ ሲገባ ውሃ ይሆናል፤ ይህን ለአንተ አልነግርህም። በአምስት ደቂቃ ይህን ያህል ካለቀሰ፣ በግማሽ ሰዓት ስንት ያለቅስ ነበር? እኔ ስጫናት ግን አንዲት ጠብታ አልወጣችም።»

«ጠርጌው ነበራ!»

«በምን? ምንጣፉ ላይ ጠብታ የለም፤ ሳጥንህ ውስጥ ያለው መጥረጊያ ጨርቅህም ደረቅ ነው፤ እጥፋቱም አልተፈታም። ከጨርቁ ሥር ግን ይህን አገኘሁ።»

ትንሽ ስፒከር አወጣችና ከፈተችው። የትራምፔት ዜማ አዳራሹን ሞላው፤ ነፊው አፉን ዘግቶ ቆሟል።

«ይሄው ነው የሰማሁት!» አለች ዘፋኟ።

«ከበሮ መቺው ሟቹን የነካው በመዳፉ ነው። በብረት የመታ ሰው ግን ደም ይረጨዋል። በል፣ ኮትህን ፍታ።»

አልፈታም። ፖሊሱ ፈታለት፤ ሸሚዙ በደም ነጠብጣብ ተዥጎርጉሯል።

«ባሕሩን ሰረዘብኝ!» ብሎ ጮኸ። «ሃያ ዓመት ወንዝ ለወንዝ አንከራቶኝ፣ ባሕሩ ላይ ብቻህን ትነፋለህ ሲለኝ ኖሮ፣ ዛሬ ጠዋት ለቫዮሊን ሰጠው!»

ካቴናው እጅ ቀየረ። ዘፋኟም እንባዋን ጠርጋ ባሕሩን ዘፈነች፤ አዳራሹ በሙሉ ቆመ።

እሺ፣ ይቺን የመጨረሻዋን ፈጥሬያለሁ። አልዘፈነችም። ካቴናው ያቀላውን የወንድሟን እጅ ይዛ መድረኩ ላይ ተቀምጣ ቀረች፤ ተመልካቹም ባሕሩን ሳይሰማ ወደ ቤቱ ገባ።