የኩሽናው ገጽ

የኩሽናው ገጽ ለሦስተኛ ጊዜ ጠፋ።

ኡወይስ ማህደሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፎ ቆጠረ። የሳሎኑ አለ። የመኝታ ቤቱ አለ። የምድር ቤቱም አለ። መብራቱን፣ ማሞቂያውንና በሩን ሁሉ ከአንድ ሰሌዳ የሚያዘው ሲስተም እንዲገጠም፣ እያንዳንዱ የፕላን ገጽ የባለቤቶቹ ፊርማ ያስፈልገዋል። አንዲት ኡንተርሽሪፍት፣ አንዲት ፊርማ ከጎደለች አለቃው፣ ሼፉ፣ አይቀበልም። ኡወይስ ደግሞ የሙከራ ጊዜውን ያልጨረሰ ኤሌክትሪሺያን ነው። «ዛሬም አጉድለህ ከመጣህ፣ ነገ አትምጣ» ተብሏል።

«ሦስቴ ፈርሜያለሁ፤ አራተኛ የለም» አሉ የቤቱ እመቤት ወይዘሮ ገነት። «ወረቀት መጠበቅ ያቃተው ሰው ቤቴን ምን ብሎ ይጠብቃል? ቢሮህ ልደውል ነው።»

አንገፈገፈው። በመጀመሪያው ጊዜ ራሱን ሲሰድብ ከረመ። በሁለተኛው ንፋስ ነው ብሎ ሽቫንሃይም ሰፈር ያለውን የዚህን ቤት ጓሮ በዝናብ አሰሰ። ዛሬ ግን መስኮቱ ዝግ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠረው ወይዘሮ ገነትን ነበር። ሲስተሙን ያዘዘችው በርሊን ያለችው ልጃቸው ናት። እሳቸው «በገዛ ቤቴ መብራት ለማብራት ማንን ላስፈቅድ ነው?» እያሉ ሲነጫነጩ ሰምቷል። ነገር ግን ዛሬ ከፈረሙ በኋላ ፊውዙን ሊያሳዩት አብረውት ምድር ቤት ወርደዋል፤ ከአጠገቡ አልተለዩም።

ጉልበቴን አመመኝ ብለው ላይ የቀሩት ባለቤታቸው አቶ ተኽለ ናቸው።

በኩሽናው ገጽ ላይ ብቻ ያለው ምንድን ነው? ማቀዝቀዣው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሰዓቱ ሰሌዳው ላይ ይመዘገባል። ሽማግሌው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጠየቁት ነገር አንድ ብቻ ነበር፦ «ማቀዝቀዣውም ይናገራል?»

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው። እዚህ ቤት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀመስም።

ሳሎን ገብቶ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«አባባ፣ ጠዋት ጠዋት ማቀዝቀዣውን የሚከፍቱት እርስዎ ነዎት?»

«ማን ነገረህ?»

«የጠፋው ገጽ።»

ሽማግሌው ወደ በሩ አዩ።

«ስኳር አለብኝ» አሉ ድምፃቸውን ቀንሰው። «መድኃኒቱን ጠዋት ከምግብ ጋር ውሰድ ተብያለሁ። ገነት ወንድሟን የቀበረችው በዚሁ በሽታ ነው። እንዴት ብዬ ልንገራት?»

ኡወይስ ተናደደም፣ አዘነም። ሥራው ከእጁ ሊወጣ ነው፤ ግን የሰው ገመና አውጥቶ እንዴት ይድናል?

ከኮሪደሩ የወይዘሮ ገነት ድምፅ ተሰማ። ደውለው ሼፉን አስጠርተዋል።

አቶ ተኽለ ከካፖርታቸው ኪስ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ጉልበታቸውን ረስተው ሄዱና ሚስታቸው እጅ ላይ አኖሩት።

«ልጁ አልጣለም። የሰረቅሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ ሁሉንም ነገሯቸው።

ወይዘሮ ገነት ስልኩን ዘጉ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ዓመት።»

«ሁለት ዓመት በገዛ ቤትህ ተደብቀህ በላህ።» ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ተቆጥተዋልም። ገጹን ዘርግተው ፊርማቸውን አዩና ለኡወይስ ሰጡት።

«የማቀዝቀዣውን ልሰርዘው?» አለ።

«እንዳትነካው። ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት ካልከፈተው ለእኔ ይንገረኝ።»