ወደ ፀሐይ የወደቀው ጥላ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ እንደሆንኩ ውሸት ለመፍጠር የሚሆን ጉልበት የለኝም።

የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ሁልጊዜም ረፋድ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ...

የምሠራው ከከተማው ዳር፣ ኮረብታ ላይ ባለ የሳተላይት መቀበያ ጣቢያ ነው። ሮኬት የለንምና ሳተላይታችንን ያመጠቀልን ሌላ አገር ነው። ምህዋሯን ግን የመረጥነው እኛ ነን። ከዋልታ ዋልታ እየዞረች በየአራት ቀኑ ከተማችን ላይ ታልፋለች፤ ሰዓቷን ዝንፍ አታደርግም።

ለምን ብትሉ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ስታልፍ ጥላ አቅጣጫውን አይቀይርም። ፀሐይ ከምሥራቅ፣ ጥላ ወደ ምዕራብ። የዛሬውን ፎቶ ካለፈው ጋር ስታስተያዩ የተለወጠው ነገር ብቻ ፈጦ ይታያል።

ፈጦ ታየኝ።

ቤት ውስጥ ታላቅ እህቴ አለች። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከወገቧ በታች አልታዘዝ ካላት ስድስት ዓመት ሆናት። አነሳታለሁ፣ አጥባታለሁ፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ አስቀምጣትና ወደ ሥራ እሮጣለሁ። ሌሊትም ስትጠራኝ እነሳለሁ።

አንድ ረፋድ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ፣ ዓይኔን መግለጥ አቅቶኝ፣ በሆዴ እንዲህ አልኩ። "ምናለ ዛሬ በገላገለችኝ።"

ሰዓቴን አየሁ። ሦስት ተኩል ነበር።

የዚያን ቀን ፎቶ ሲወርድ፣ የጣቢያው በር ላይ የሰው ጥላ ነበር። ከላይ ሲታይ ሰው ነጥብ ነው፤ የሚያስታውቀው ጥላው ነው። ይሄ ግን ወደ ምሥራቅ ተጋድሟል። ወደ ፀሐይዋ...

የአንቴና ባለሙያውን ጠራሁት። ከቅጥነቱ የተነሳ ሽቦ ነው የምንለው። አለቃችን ከጎን ክፍል ስለነበር በሹክሹክታ አወራን።

"የምስል ስህተት ነው።"

"ሌላው ጥላ ሁሉ ደህና ነው እኮ።"

"ሂድና ተኛ፣ አንተ ሰውዬ።"

ከአራት ቀን በኋላ ጥላው ወደ ቤቴ በሚወስደው መንገድ፣ ድልድዩ ላይ ነበር።

በሌላ አራት ቀን የሰፈራችን መታጠፊያ ላይ... ከዚያ የግቢያችን በር ላይ።

ወደ እህቴ እየሄደ ነበር። የተመኘሁት ነገር በእግሩ እየመጣላት ነበር።

በቀጣዩ የማለፊያ ቀን ሥራ ቀረሁ። ቤት ላስገባት ስል "የቀረችኝ ይቺ ፀሐይ ናት" ብላ እምቢ አለች። ስለዚህ በበሩ በኩል፣ ከወንበሯ በስተምዕራብ ተገትሬ ቆምኩ።

"ዛሬ ሥራ የለም?"

"የለም፣ እታለም።"

"ማን ሊመጣ ነው?"

"ማንም።"

ሦስት ተኩል ሆነ። ማንም አልመጣም። ቅጠል እንኳ አልተንቀሳቀሰም...

"ወንድምዓለም" አለችኝ ሻርፗን እየሰበሰበች። "ትንሽ ፈቀቅ በል። ፀሐዩን ጋረድክብኝ።"

ፈቀቅ አልኩላት። ፀሐይዋ በምሥራቅ፣ እኔ በምዕራብ እንደነበርን ትዝ ያለኝ ማታ ነው።

በማግስቱ ሽቦ ፎቶውን ከፍቶ ጠበቀኝ። ስክሪኑን በጣቱ ነካ።

"ይሄ የወንበሩ ጥላ ነው፤ ደህና ነው። ይሄኛው... እሷ ላይ የወደቀው... የማነው?"

"የእኔ ነው።"

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የእኔን ያወጣችው ሳተላይት ናት። ከመፍራቴ ይልቅ ማፈሬ ባሰ።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ አልገባሁም። እህቴን ጎረቤታችን ታነሳታለች። እኔ ጣቢያው ውስጥ ወንበር ላይ እተኛለሁ፤ ከራቅኳት ጥላዬ ይተዋታል ብዬ ነው።

ዛሬ የማለፊያ ቀን ነበር። ሦስት ተኩል ላይ ደወልኩላት።

"ፀሐይ ላይ ነሽ፣ እታለም?"

"ነኝ።" ድምፅዋ ደክሟል። "ግን በረደኝ። ምነው ዛሬም ቆምክብኝ?"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ወደ ጣቢያው ግቢ ወጣሁ። የአንቴናው ጥላ ወደ ምዕራብ ተዘርግቷል። የበሩ ምሰሶም እንደዚሁ።

"ፈቀቅ በል" አለችኝ በስልኩ።

ወደ እግሬ አየሁ...

ጥላዬ የለም፤ ከሥሬ መሬቱ ዙሪያውን ፀሐይ ነበር።