ጀርባ የተሰጣጡ ዝዮች

ሟቹ ማሪቢርኖንግ በሚባል ሰፈር ካለ የኪራይ ቤት ደረጃ ሥር፣ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ተዘርሯል። ሚንሆ ይባላል። ከሴኡል የገባው በዚያው ጠዋት ነው፤ ለማንም ሳይነግር።

መርማሪ ዶርቃ ከሬሳው ይልቅ የምግብ ጠረጴዛውን ብዙ አየች። ሁለት የእንጨት ዝዮች ጅራት ለጅራት ቆመዋል። አሸገቻቸውና ሚስትየውን ሱጂንን ለብቻዋ ጠየቀቻት።

«የሠርጋችን ናቸው፤ እሱ ዘንድ ነበር የቀሩት። በኮሪያኛ ጊረጊ እንላቸዋለን፤ ስሙን ያወጣለት ጩኸቱ ነው፣ ‹ጊረክ፣ ጊረክ› ይላል። ጓደኛው ከሞተ ሌላ አያይም ይባላል። ባልና ሚስት ሲዋደዱ አፍ ለአፍ ይቆማሉ፤ ሲኳረፉ ጀርባ ለጀርባ። ሚስትና ልጁን ለትምህርት ባሕር ማዶ ልኮ ብቻውን የሚቀር አባትም ጊረጊ ነው።»

«ባልሽም?»

«እሱ እንኳ ፔንግዊን ነው፤ ቲኬት መግዣ ያጣውን እንደዚያ ይሉታል።» ልትስቅ ሞከረች። «ስድስት ዓመት አልተያየንም። ዛሬ መምጣቱንም አላወቅሁም፤ ቢሮ ሳጸዳ ነበር።»

ጽዳቱን ብቻዋን ስለሠራች ምስክር የላትም። ምርመራ ከምሳ በፊት መጨረስ የሚወደው የዶርቃ አለቃ ፈርዶ አብቅቷል፦ ተጣልተው ገደለችው፤ እሷ ትታሰር፣ ትምህርት ቤት ያለችውን ልጃቸውን መንግሥት ይውሰዳት።

ሬሳውን ከበሩ ላይ አይተው የጮኹት የሱጂን ጎረቤት እትዬ ማንተግቦሽ ግን ተቆጡ። «እሷ ናት ገዳይ? ዝንብ ስታባርር ይቅርታ የምትጠይቅ!»

«አከራያቸውስ?» አለች ዶርቃ።

«ወንድይፍራው? ምስኪን፣ ዘመድ የለው። ከኋላ ክፍል ይኖራል፤ ራቱን ግን እነሱ ጋ ነው።»

ወንድይፍራው ዘግይቶ መጣ። «ናይት ሺፍት ነበርኩ፤ ገና አሁን መግባቴ ነው። ሰውየውን አይቼው አላውቅም።»

ከሰዓት በኋላ ዶርቃ ሦስቱን ሳሎን ሰበሰበች። «ሱጂን ትታሰራለች። ማስረጃው ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ዝዮች ናቸው።»

ወንድይፍራው ብድግ አለ። «ዝይ ጀርባ ስለተሰጣጣ ሰው ይታሰራል?»

«ጋሼ፣ እንዴት እንደቆሙ መቼ ነገርኩዎት? እርስዎ ሳይመጡ አሽጌያቸዋለሁ፤ ሱጂንንም እስካሁን አላገናኘኋችሁም። ሟቹ ቁልፍ አልነበረውም፤ ከውስጥ የከፈተለት ሰው አለ። ዝዮቹን ዛሬ ከሴኡል አምጥቶ አፍ ለአፍ ያቆማቸው ሟቹ ነው፤ ታርቆ ሊኖር ነው የመጣው። ያዞራቸው ሌላ ሰው ነው።»

ሰውየው እንግሊዝኛው ጠፋበት። «ዝዮቹ ሲተያዩ አላስቻለኝም» አለ በአማርኛ። «ሻንጣውን ይዞ ወደ መኝታ ቤቷ ሲወጣ ጎተትኩት እንጂ ልገድለው አልነበረም። ስድስት ዓመት ሙሉ በየማታው ሳህን ያቀረበችው ለኔ ነው! ለኔ!»

ሱጂን ዶርቃ እስክታስተረጉምላት ጠበቀች።

«እኛ አገር ርቆ ላለ ሰው በሌለበትም ራት ይቀርብለታል» አለች ቀስ ብላ። «የባሌ ሳህን ነበር። መጥተህ ስትቀመጥበት፣ ተነሥ ማለት አሳፈረኝ።»