ያልተቋረጠው ጨዋታ

በዚያ ዓመት ሙቀቱ አልበርድ አለ። መብራት እየሄደ ይመጣል። ፊልምና ጨዋታ በኢንተርኔት በሚያሰራጨው ድርጅት ማሽኖቹ በየተራ ተቃጠሉ። አንዱ ሲሞት ዋናው ቴክኒሻን ይነቅለዋል፤ ሌላ ይተክላል። ሠራተኛ ተቀነሰ። የቀሩትም እርስ በርስ መነጋገር ተዉ።

የዋንጫው ጨዋታ ሲተላለፍ ቴክኒሻኑ በማሽኖቹ ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። የእሳት ማጥፊያው ጋዝ ትንፋሽ አሳጥቶት ነበር። ጋዙ ጭስ ካገኘ ራሱ ይለቀቃል። ስለዚህ የሚገባ ሰው በሩ ላይ ያለውን ቁልፍ አዙሮ ጋዙን ያግዳል፤ መጨረሻ የሚወጣው ይመልሰዋል። ቁልፉ ተመልሶ ተገኘ። መጨረሻ የወጣችው መለዋወጫ ልታመጣ የሄደችው ረዳቱ ነበረች፤ እሱ ያሳደጋት የእህቱ ልጅ። ከልማድ የተነሳ እሷ መለሰችው ተብሎ ታሰረች። አጎቷን ገድላለች ተብላ ልትከሰስ ነው።

መርማሪዋ በማግስቱ መጣች። ጠና ያለች፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። መጀመሪያ ክፍሉን አየች፤ በመደዳ ከቆሙት ማሽኖች አንዱ ጠቁሯል፤ ሌሎቹ ይሠራሉ። ከዚያ ልጅቷ ወደታሰረችበት ሄደች።

«ቁልፉን ነክተሻል?»

«እሱ ውስጥ እያለ? አልነካሁም።»

«ማሽኑ ሲቃጠል ተመልካቹ ምን አየ?»

«ምንም። እያንዳንዱ ማሽን ጥንድ አለው። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይቀበላል። አጎቴ ዕድሜውን የጨረሰው በዚህ ነው።»

ተመልሳ የድርጅቱን ዘበኛ ጨዋታውን በድርጅቱ ስርጭት አይቶ እንደሆነ ጠየቀችው። በመጀመሪያ ካደ።

«እትዬ፣ በሥራ ሰዓት ስልክ ሲያይ የተገኘ ይባረራል።»

«እኔ አላባርርም።»

«እንግዲያው እስከ ፊሽካው አይቻለሁ። አንዴም አልተቆረጠም። የተቆረጠው የኛ ልጆች እግር ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሰበሰበች። ልጅቷን ፖሊስ አመጣት። የሥራ አስኪያጁ ታናሽ ወንድም፣ የዕቃ ግዢው ኃላፊ፣ ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው። መርማሪዋ ቃሉን አስደገመችው። ቤቱ መንገዱ ማዶ ነው። ጨዋታውን እያየ ምስሉ ቢቋረጥበት ማሽን ተቃጥሏል ብሎ ሮጦ መጣ፤ ቴክኒሻኑንም ወድቆ አገኘው።

«ምስሉ ለማንም አልተቋረጠም» አለች። «ዘበኛው እስከ መጨረሻው አይቷል። ማሽኑ መቃጠሉን ቤትህ ተቀምጠህ ልታውቅ አትችልም። በሩ ላይ ቆመህ ጭሱን አይተሃል። እዚህ ማሽን የሚነካ ሰው እንዲህ ብሎ አይዋሽም፤ እሷም አትዋሽም። ማሽን ሲሞት ስርጭት ይሞታል ብሎ የሚያስብ አንተ ብቻ ነህ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

ከዚያ ከጠቆረው ማሽን የወጣውን የተቃጠለ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ አኖረች። ወንድምየው አዲስ ነው ብሎ የገዛው ነው። መለያው ሲላጥ ከሥሩ አሮጌ መለያ አለ። ቴክኒሻኑ ይህን ደርሶበት ለሥራ አስኪያጁ ሊነግር ነበር።

ወንድምየው ወደ ታላቁ ዞረ። ታላቁ አላየውም።

«ቁልፉን ብቻ ነው ያዞርኩት» አለ ታናሹ።

ወሰዱት። ሥራ አስኪያጁ ልጅቷን ምን ላድርግልሽ አላት።

«ለእኔ ምንም። የአጎቴን እረፍት ይስጡኝ።»

ቴክኒሻኑ በየዓመቱ ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። በየዓመቱ መልሱ «ማን ይይዘዋል?» ነበር። ሥራ አስኪያጁ አንገቱን ደፋ።

ያ ዕዳ በቀብሩ ቀን ተከፈለ። ልጅቷ ማሽኖቹን አንድ በአንድ በእጇ አጠፋች። ተመልካቹ ሁሉ ጋ ምስሉ ጠፋ። የሥራ አስኪያጁ ስልክ ይጮሃል። አላነሳውም፤ ሬሳውን ተከትሎ ሄደ።